የናይትሮጅን ሲሊንደር አያያዝ፦ ከመረከብ እስከ መመለስ

ከቃሊቲ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ኮንቴይነር ተቆርጦ በርና መስኮት በወጣለት ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሦስት ዓይነት ሲሊንደር ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፦ ኦክስጅን፣ አሴቲሊንና ናይትሮጅን። ኦክስጅኑን ሁሉም ይፈራዋል። አሴቲሊኑ ቫልቩ ገና ሲላላ ጠረኑ ራሱን ያጋልጣል። ናይትሮጅኑን ግን የሚፈራው የለም። «እሱ እኮ አየር ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ከምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። አይሸትም፣ አይታይም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ዝም ያለ ጋዝ ነው። ስለዚህ ስለ እርሱ ማወቅ የሚገባንን ሁሉ የሚነግረን አፍንጫችን ሳይሆን ጌጁ (የግፊት መለኪያው)፣ ቴርሞሜትሩና ትንሽ ሒሳብ ነው።

መመሪያውን የጻፍኩት በዋናነት በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላን፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ማቀዝቀዣ ለሚጠግኑ ባለሙያዎች ነው። በወርክሾፕ ቋንቋ ብዙዎቻችን «ቦምቦላ» የምንለውን እዚህ ሲሊንደር እያልኩ እጠራዋለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?

የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ሲነቀነቅ ውስጡ ይንቦጫረቃል፤ ፈሳሽ አለበትና። ናይትሮጅኑን ቢነቀንቁት ምንም አይሰማም። ይህ ጋዝ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 147 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ በስተቀር የቱንም ያህል ቢጨመቅ ወደ ፈሳሽነት አይለወጥም። በ150 ወይም በ200 ባር (የግፊት መስፈሪያ ነው) ታጭቆ ሲመጣም ጋዝ እንደሆነ ነው። ለሠራተኛ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። የማብሰያ ጋዝ ግፊት ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ብዙም ስለማይወርድ፣ ወጡ ምድጃ ላይ እንዳለ ድንገት ጉድ ይሠራል። የናይትሮጅን ጌጅ ግን ግማሽ ካሳየ ግማሽ፣ ሩብ ካሳየ ሩብ ቀርቷል ማለት ነው።

ከብት አዳቃይ ቴክኒሻኖች ይዘውት የሚዞሩት ባለ አንገት ዕቃ ውስጥ ያለውም ናይትሮጅን ነው፤ ያ ግን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ፈሳሽ ነው። ክዳኑ ሆን ተብሎ ላላ ብሎ የተሠራ ነው፤ ጥርቅም አድርገው ቢዘጉት እየፈላ የሚወጣው ጋዝ መውጫ አጥቶ ዕቃውን ያፈነዳዋል። የእኛው ሲሊንደር ሌላ ነገር ስለሆነ የአንዱን አያያዝ ለሌላው አይዋሱ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የሲሊንደሩን የውኃ ይዘት በግፊቱ ማባዛት ነው። 50 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ከሆነ 50 በ150 ሲባዛ 7,500 ሊትር ይሆናል፤ በባሕር ወለል ላይ ማለት ነው። እኛ ግን ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት 0.77 ባር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ያው ጋዝ ሲለቀቅ የበለጠ ይለጠጣል። 7,500ን ለ0.77 ሲያካፍሉት ወደ 9,700 ሊትር ይመጣል። አሥር ሜትር ኩብ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ይህችን ቁጥር ይያዙልኝ፤ ቦታ ስንመርጥ እንመለስባታለን።

ሲረከቡ

ቀለም አይመኑ። በዛሬው የአውሮፓ ደረጃ የናይትሮጅን ሲሊንደር ትከሻ ጥቁር፣ የኦክስጅን ነጭ ነው። በቀድሞው የጀርመን አሠራር ግን ናይትሮጅን አረንጓዴ ነበር፤ በአሜሪካ ደግሞ አረንጓዴ የሚቀባው የሕክምና ኦክስጅን ነው። ወደ እኛ አገር ሲሊንደር ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ እዚህም እንደገና ይቀባል። ስለዚህ አረንጓዴ ሲሊንደር አይቶ «ይህ እንዲህ ነው» ማለት ቁማር ነው። የሚታመነው የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ የሌለውን ሲሊንደር ሻጩ በአባቱ ቢምልም አይረከቡ። እኔ አንድ ጊዜ ተረክቤ፣ ቀኑን ሙሉ ምን እንደያዝኩ ሳላውቅ ተቀምጬበታለሁ፤ ማታ ሳልከፍተው መልሼዋለሁ።

ከጽሑፉ ቀጥሎ ትከሻው ላይ በብረት የተመታውን ያንብቡ። የውኃ ይዘቱ በሊትር፣ የባዶ ክብደቱ በኪሎ፣ የተፈተነበት ግፊትና የተፈተነበት ዘመን ተቀርጾ ይገኛል። የፍተሻው ዘመን እንደየአገሩ ደንብ በየ5 ወይም በየ10 ዓመቱ መታደስ አለበት። የመጨረሻው ቀን ካሰቡት በላይ የራቀ ከሆነ፣ ወይም አካሉ ላይ የብየዳ እሳት ያረፈበት ምልክት፣ ጥልቅ ጭረት ወይም የተበላ ዝገት ካዩ መልሱት። ደግሞም ሚዛን ካለዎት ይመዝኑት። የ50 ሊትሩ በ150 ባር ሲሞላ በውስጡ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ናይትሮጅን ይኖራል። ትከሻው ላይ ካለው የባዶ ክብደት ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ሬጉሌተር (የግፊት መቀነሻውን) ሳይገጥሙ ሙሉ መሆን አለመሆኑን ይለያሉ። የቫልቩ ክብደት ጥቂት ሊያዛባው ይችላል፤ ሙሉውን ከባዶው ለመለየት ግን ይበቃል።

ማጓጓዝ

አጭር ነው። የቫልቩ ክዳን ተጠምዝዞ ይታሰር፤ ሲሊንደሩ በፒካፕ ወይም በአይሱዙ ጭነት ላይ እንዳይንከባለል በገመድ ወይም በሰንሰለት ይያዝ። ከአሽከርካሪው ጋር በአንድ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አይጫን፤ ባጃጅ ውስጥ በእግር መካከል አቁሞ መሄድም ያው ነው። ሲወርድ በጎማ ላይ መወርወር በየቦታው ይታያል። አንድ ቀን ቫልቩ ተሰብሮ 150 ባር በአንድ ቀዳዳ ቢወጣ ግን፣ ያ ስልሳ ኪሎ ብረት የብሎኬት ግድግዳ የሚበሳ ሮኬት ይሆናል።

የሚቆምበት ቦታ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

እ.ኤ.አ. በ1772 ስኮትላንዳዊው ዳንኤል ራዘርፎርድ ይህን ጋዝ ከአየር ለይቶ ሲያወጣ፣ ሻማ የሚያጠፋና አይጥ የማያኖር መሆኑን ነበር ያየው። ፈረንሳዊው ላቮአዚዬ በኋላ «አዞት» ብሎ ሰየመው፤ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ሕይወት የለሽ እንደማለት ነው። ናይትሮጅን መርዝ ሆኖ አይገድልም። የሚገድለው የኦክስጅኑን ወንበር በመያዝ ነው።

አየር ውስጥ ኦክስጅን 20.9 ከመቶ ነው። ከ19.5 በታች ሲወርድ ክፍሉ ለሥራ አደገኛ ሆነ ይባላል። ከ10 በታች ሰው ራሱን ይስታል። ከ4 እስከ 6 ባለው ደግሞ በሴኮንዶች ውስጥ ይዘረራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ትንፋሽ የማጠር ስሜት የለም። ምክንያቱም «ታፈንኩ» ብሎ የሚያስጮኸን የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን በሰውነት ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው። ናይትሮጅን የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በደንብ ያስወጣል፤ ሰውነቱ ሰላም ነው ብሎ ያምናል። ከሰል በተዘጋ ቤት አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። የዚህኛው አገዳደል ሌላ ቢሆንም ዝምታው ያው ነው።

ሌላም አለ። ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው የሚነገሩ ናቸው። እዚህ የኦክስጅኑ መቶኛ ባይለወጥም አየሩ ራሱ የሳሳ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከአሰብ ወይም ከጅቡቲ ሰው በአራተኛ እጅ ገደማ ያንሳል። ደማችን ለዚህ ተላምዷል። ቢሆንም ከጉድጓዱ አፋፍ ያለን ርቀት አጭር ነው።

አሁን ያችን ቁጥር እናምጣት። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ያለ ክፍል 30 ሜትር ኩብ ነው። በሩ ተዘግቶ ሌሊቱን አንድ ሙሉ ሲሊንደር ቢፈስበት፣ ወደ 10 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ናይትሮጅን ገብቶ ከነባሩ አየር ጋር እየተደባለቀ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጠዋት የሚቀረው ኦክስጅን 15 ከመቶ አካባቢ ነው። ኮንቴይነር ወርክሾፕ ደግሞ ከዚህ ብዙም አይሰፋም፤ ሁለት ሲሊንደር ያለበትን ራስዎ ያስሉት።

ስለዚህ ሲሊንደሩን ከቤት ውጭ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በሽቦ አጥር ውስጥ ማቆም የተሻለ ነው። ሌባ ያሳስባል፤ አውቃለሁ። ወደ ውስጥ ማስገባት ግድ ከሆነ ከወለሉ አጠገብም፣ ከጣሪያው ሥርም የማይዘጋ መተንፈሻ ይክፈቱ። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ የናይትሮጅን ክብደት ግን ከአየር ጋር ሊስተካከል ጥቂት ስለሚቀረው በሁሉም ከፍታ ይሰራጫል። አንድ መስኮት ብቻ አይበቃም። አቅም ያለው ከ19.5 ሲወርድ የሚጮህ የኦክስጅን መለኪያ ቢገዛ ከሲሊንደሩ ይልቅ ለራሱ ያወጣው ገንዘብ ነው። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ፣ ከመሀሉ ከፍ ብሎ በሰንሰለት ታስሮ ይኑር፤ የቀትር ፀሐይ እንዳያገኘው፣ ከብየዳው ፍንጣሪም የራቀ ይሁን። ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ።

ክፍሉ ውስጥ የተዘረረ ሰው ካዩ አይግቡ። ይህ ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ጉድጓድ ውስጥ የወደቀን ሰው ሊያወጣ ገብቶ እዚያው የቀረ ወንድም ታሪክ በየሠፈሩ አለ። በሩን ይክፈቱ፣ ጣሪያም ቢሆን ቆርቆሮ ይንቀሉ፣ ይጩኹ፣ እጅዎ ከውጭ ከደረሰ ቫልቩን ይዝጉ። ሰውየውን ትንፋሽ ይዘው በአንድ እርምጃ የሚደርሱበት ከሆነ ብቻ እግሩን ይዘው ይጎትቱት። ከዚያ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ነው።

ሬጉሌተር መግጠም

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ እዚህ ላይ የሚጣደፍ እጅ ነው የሚጎዳው። መጀመሪያ የቫልቩን አፍ ይመልከቱ፤ አቧራና ውኃ ካለው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። ከዚያ አፉ ወደ ማንም በማያይበት አቅጣጫ፣ ውጭ ሆነው፣ ለቅጽበት ያህል ከፍተው ይዝጉት፤ የቀረውን አቧራ ይተፋዋል።

ሬጉሌተሩ ለናይትሮጅን የተሠራ ይሁን፤ የሲሊንደሩን ሙሉ ግፊት የሚችል መሆኑንም ከጌጁ ያንብቡ። ጥርሱ እሺ ካላለ አያስገድዱት። የሚቀጣጠሉ ጋዞች ብሎን ወደ ግራ የሚዞረው፣ የሌሎቹም መጠን የሚለያየው በስሕተት እንዳይገጣጠሙ ተብሎ ነው። ቶርነሪ ሄዶ ማገናኛ ማስቀረጽ ያንን ጥበቃ በገንዘብ ማፍረስ ነው።

ከገጠሙ በኋላ የሬጉሌተሩን ማስተካከያ ወደ ግራ እስኪላላ ይፍቱት። ወደ ጎን ቆመው፣ ፊትዎን ከጌጁ መስታወት መልሰው፣ የሲሊንደሩን ቫልቭ በጣም ቀስ ብለው ይክፈቱ። የጌጁ እጅ ሲወጣ እየተጠባበቁ ነው የሚከፍቱት። ከዚያ የሳሙና አረፋ በየመገጣጠሚያው ይቀቡና ይጠብቁ። አረፋ ካለ ቫልቩን ይዝጉ፣ ግፊቱን ያስተንፍሱ፣ ከዚያ ያጥብቁ። ግፊት እንዳለበት መፍቻ ማሳረፍ የለም።

ሥራው ላይ

የማቀዝቀዣ ቱቦ ስንበይድ ናይትሮጅን የምናሳልፈው መዳብ በእሳት ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ውስጡ ጥቁር ቅርፊት እንዳያበቅል ነው። ያ ቅርፊት ኋላ ተፈርፍሮ ካፒላሪውን (ቀጭኑን ቱቦ) ይደፍናል፤ ሥራው በሦስተኛው ወር ተመልሶ ይመጣል። የሚያስፈልገው ዝግ ያለ ፍሰት ነው፤ በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ሊትር ገደማ። የቱቦው ሌላ ጫፍ ክፍት ይሁን፤ ከተዘጋ ግፊቱ የቀለጠውን ብየዳ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በ3 ሊትር ፍሰት ሙሉ ሲሊንደር ከ40 ሰዓት በላይ ያገለግላል፤ «ናይትሮጅን ውድ ነው» እያሉ ያለ እርሱ የሚበይዱትን ለዚህ ነው የምታዘባቸው።

ለፍሳሽ ፍተሻ፣ ማለትም ሲስተሙ (የማቀዝቀዣው ቱቦ በሙሉ) ጋዝ የሚያፈስበትን ለማግኘት ሲሆን፣ ሲሊንደሩን ያለ ሬጉሌተር ከሲስተሙ ጋር ማገናኘት በፍጹም አይሞከርም። በመጀመሪያ እስከ 3 ባር ይሙሉ፣ ያዳምጡ፤ ትልቁ ፍሳሽ እዚያው ይሰማል። ከዚያ በደረጃ ከፍ እያደረጉ የመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ግፊት ሳያልፉ ያቁሙ።

ናይትሮጅን ባለቀ ቀን ደግሞ ዓይን ወደ ጎረቤቱ ሲሊንደር ይሄዳል። ኦክስጅን! በሲስተሙ ውስጥ የኮምፕረሰር ዘይት አለ፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ዘይት ካገኘ እሳት ሳይጫር ይፈነዳል። ሥራው ነገ ይሠራል ብሎ ደንበኛን ማስኮረፍ ይሻላል። የጎማ ኮምፕረሰር አየርም ከነእርጥበቱ ስለሚገባ አይሆንም። ጎማ ካነሳን አይቀር፦ ጎሚስታዎች «የናይትሮጅን ጎማ» እያሉ የሚሸጡት ክፋት የለውም፤ ቀድሞውንም ጎማው ውስጥ የነበረው አብዛኛው ናይትሮጅን መሆኑን ግን አይነግሩዎትም።

ብርዱና ጌጁ

ባለፈው ኅዳር ሱሉልታ አንድ የወተት ማቀዝቀዣ ክፍል ሠርተን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተሙን 20 ባር ሞልተን አደርን። በማግስቱ ማለዳ ረዳቴ ቀድሞኝ ደርሶ ደወለ፦ «ጋሼ፣ አፍስሷል፤ 18.7 ላይ ነው ያለው።» ሄድኩ። እስከ እኩለ ቀን የሳሙና አረፋ ይዘን ሃያ ሁለቱን ብየዳ አንድ በአንድ አየን። አንዲት አረፋ አልተነፈሰችም። ፀሐይ ክፍሉን ስታሞቀው ጌጁ ብቻውን፣ ማንም ሳይነካው፣ ወደ 20 ተመለሰ። ረዳቴ ጌጁን፣ እኔ ደግሞ ጫማዬን እያየን ቆምን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፤ በየ3 ዲግሪው 1 ከመቶ ያህል። ትክክለኛውን ለማግኘት በጌጁ ንባብ ላይ የአካባቢውን የአየር ግፊት ይደምሩ፤ ለሱሉልታ 0.75 ያህል ይበሉ። ሙቀቱን ከ273 ጋር ይደምሩ። ከሰዓት በኋላ 24 ዲግሪ፣ ማለዳ 6 ዲግሪ ነበር፦ 20.75 በ279 ተባዝቶ ለ297 ሲካፈል 19.49፤ ከዚያ 0.75 ሲቀነስ 18.74። ልክ ጌጁ እንዳለው። ስለዚህ ግፊት ሲመዘግቡ ሰዓቱንና ሙቀቱን አብረው ይጻፉ። ሲሊንደሩም ራሱ እንዲሁ ነው፤ በ25 ዲግሪ 150 ያሳየው በ5 ዲግሪ ማለዳ 140 ቢያሳይ ዘበኛውን አይጠርጥሩ።

ከፍታው በሌላም ያታልላል። ከፍተሻው በኋላ ናይትሮጅኑን አስተንፍሰው በቫኪዩም ፓምፕ ሲስቡ፣ የተለመደው ጌጅ መቀነስ 1 ባር ላይ ይደርሳል ብለው አይጠብቁ። አዲስ አበባ ላይ መቀነስ 0.77 አካባቢ ሲደርስ አለቀ፤ የሚሳብ አየር የለም። በዚህ ምክንያት ደህና ፓምፕ «ደክሟል» ተብሎ ሲሸጥ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዱን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ እስከ ዛሬም ይሠራል።

ሲያልቅና ሲመለስ

ሲሊንደሩን እስከ ዜሮ አያድርቁት። 2 ወይም 3 ባር ሲቀረው ቫልቩን ይዝጉ፤ ውስጡ ግፊት እስካለ ድረስ የውጭ አየርና የክረምት እርጥበት አይገባበትም፤ ደረቅነቱም ይጠበቃል። ከዚያ ከሬጉሌተሩ ያለውን ግፊት ያስተንፍሱ፣ ሁለቱም ጌጆች ዜሮ መሆናቸውን አይተው ይፍቱት። ክዳኑን ይመልሱ። በኖራ ጠመኔ ትከሻው ላይ «ባዶ» ብለው በትልቁ ይጻፉና ከሙሉዎቹ ለይተው፣ እርሱንም እንደ ሙሉ በሰንሰለት አስረው ያቁሙት፤ መኪናው እስኪመጣ ድረስ።